ኪሎው አልወርድ ሲል፦ ካሎሪውንና እንቅስቃሴውን እንዴት እያስተካከልኩ ነው

ሰላም ወዳጆች። ከ91 ኪሎ ተነስቼ 83 ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች እንዴት እንደወረዱ አልነግራችሁም፣ ለስላሳና ኬክ የተወ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ መንፏቀቅ ጀመረ። ጠዋት ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ወፍ የለም። እዚህ ላይ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ክትፎው ይመለሳል፣ ወይ ራት እርግፍ አድርጎ ትቶ ጂም ውስጥ ይሞታል። እኔ ሁለቱም አላማረኝም። ደብተሬን አወጣሁና ቁጥሮቹን አየኋቸው።

መጀመሪያ ቀመሩን ነው ያደስኩት። ብዙዎቹ የካሎሪ ማስሊያዎች የሚጠቀሙት በ1990 የወጣውን የሚፍሊን ሴንት ጆር ቀመር ነው። ክብደታችሁን በኪሎ በ10 ታባዛላችሁ፣ ቁመታችሁን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ፣ ዕድሜያችሁን በ5 አባዝታችሁ ትቀንሳላችሁ። ወንድ ከሆናችሁ መጨረሻ ላይ 5 ደምሩ፣ ሴት ከሆናችሁ 161 ቀንሱ። እኔ 38 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 172። በ91 ኪሎ ሰውነቴ ዝም ብሎ ተኝቶ 1,800 ካሎሪ ይፈልግ ነበር፣ አሁን 1,720። ይሄንን ትንሽ ለሚንቀሳቀስ ሰው በሚባለው 1.375 ሲያባዙት ከ2,475 ወደ 2,365 ይወርዳል ማለት ነው። ስምንት ኪሎ ጥዬ የቀነሰብኝ 110 ካሎሪ ብቻ ነው! አንድ ዳቦ እንኳ አይሞላም።

እና ሒሳቡ አይገጥምም። በቀን 1,900 ነው የምበላው። 2,365 ካቃጠልኩ የ465 ጉድለት አለ፣ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ በግምት 7,700 ካሎሪ ነው ስለሚባል በሳምንት 400 ግራም አካባቢ መውረድ ነበረበት። የወረደው ግን በአማካይ ሩብ ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀመሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው፣ ስለ እኔ አይደለም። ስለ እኔ የሚናገረው የራሴ ደብተር ነው። ሦስት ሳምንት ያህል የበላሁትን ከጻፍኩና ኪሎዬን ካየሁ፣ ወደኋላ ማስላት እችላለሁ። ሩብ ኪሎ በሳምንት ማለት በቀን 275 ካሎሪ ጉድለት ነው። 1,900 ሲደመር 275፣ 2,175። የእኔ ሰውነት ክብደቱን ይዞ የሚቆይበት ቁጥር ይሄ ነው። ኢንተርኔቱ 2,365 ይበል፣ ካሎሪ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቴ 2,600 ይበል፣ ጉዳያቸው ነው።

ኪሎውን ግን በአግባቡ መመዘን ያስፈልጋል። ጠዋት ሽንት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ፣ ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ላይ አድርጎ። የአንድ ቀን ቁጥር ዋጋ የለውም፣ የሳምንቱን ሰባት ቁጥሮች ደምሮ ለሰባት ማካፈል ነው። በዓል ማግስት ሁለት ኪሎ ጨምሬ አይቼ አውቃለሁ። ሁለት ኪሎ ስብ ለመሥራት ከወትሮው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል፣ ዶሮው ሙሉውን ቢበላም አይደርስም። ጨውና ውሃ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ አንድ ቀን እንጀራ በደንብ ከበላችሁ በነጋታው ሚዛኑ ያስደነግጣችኋል። በሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። ሴቶች ከወር አበባ በፊትም ውሃ ስለሚይዙ፣ ከሳምንት ሳምንት ሳይሆን ከወር ወር ቢያወዳድሩ ይሻላል።

ከዚያ በቀመሩና በእኔ ቁጥር መካከል ያለው 190 ካሎሪ የት እንደገባ ለማወቅ ፈለግኩ። ግዴታ አልነበረም፣ ግን አላስቻለኝም። ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ ሽሮ ልትሠራ ነው፣ እንደ ሁሉም ሰው ዘይቱን ከጀሪካኑ ቀጥታ ድስቱ ውስጥ ነው የምታፈሰው። «እስቲ መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ አፍሺው» አልኳት። «ደግሞ ዛሬ ምን ሊያመጣብኝ ነው» እያለች አፈሰሰችው። ግማሽ ብርጭቆ፣ ወደ 100 ሚሊ ሊትር። ያ 800 ካሎሪ ገደማ ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 200። ደብተሬ ላይ ለወጥ የምይዘው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነበር፣ 120። ምሳ የምወስደው ወጥ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ የራቱም ለብቻው እንዲሁ። በየማዕዱ 80፣ በቀን 160። ይኸውላችሁ፣ 190ው ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የቀረው ሰው ሲከሳ ሳያውቀው እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ይሆናል፣ ሰውነትም ትንሽ መቆጠብ ይጀምራል።

የሚገርመው ይሄን ባላውቅም ኖሮ ስሌቱ ይሠራ ነበር። ደብተሩ በየቀኑ 160 ቢደብቅ፣ ሁልጊዜ እኩል እስከደበቀ ድረስ ችግር የለውም። 2,175 የወጣው ከዚያው ከሚደብቀው ደብተር ስለሆነ ተመልሶ ይካካሳል። ስለዚህ «የሀበሻ ምግብ ካሎሪው አይታወቅም፣ እንዴት ልቁጠር» የምትሉ፣ ልክ መሆን አይጠበቅባችሁም። አንድ ዓይነት መሆን ነው የሚጠበቅባችሁ። እኔ እንጀራን በ100 ግራም 150 ካሎሪ እያልኩ ነው የምይዘው። እኛ ቤት የሚጋገረውን የኩሽና ሚዛን ላይ አራት እጥፍ አድርጌ አስቀምጬ 340 ግራም አገኘሁት፣ ማለትም 500 አካባቢ። የእናንተ ወፍራም ከሆነ የበለጠ፣ ስስ ከሆነ ያነሰ። አንዴ መዝኑት፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል እያሉ መጻፍ ብቻ ነው።

ማስተካከያው ላይ እንምጣ። ግቤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ስለሆነ ያለኝን 275 ጉድለት ወደ 550 ማድረስ አለብኝ። ሁሉንም ከምግብ ብቀንስ 1,625 ላይ እደርሳለሁ፣ ያ ለእኔ ቁመት ላለው ወንድ ረሃብ ነው፣ ማታ ፍሪጅ ያስከፍታል። ሁሉንም ከስፖርት ላምጣው ብል ደግሞ በሳምንት ሰባት ቀን መሮጥ ሊኖርብኝ ነው፣ ጉልበቴም ሰዓቴም አይፈቅድም። ለሁለት ከፈልኩት።

ከምግቡ የቀነስኩት እንጀራውን ሳይሆን ዘይቱን ነው። ከባለቤቴ ጋር ተደራድረን 100 ሚሊው 60 ሆነ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ በደንብ ማቁላላት፣ ዘይቱን በኋላ መጨመር ነው። እናቶቻችን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲያቁላሉ የሚያደርጉት ነው፣ አዲስ ነገር አላመጣሁም። ለእያንዳንዱ ሰው በየማዕዱ 80 ካሎሪ ይቀንሳል፣ ለእኔ በቀን 160። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም። ድርድሩ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ዘይቱ ካልሰፈፈ ነውር ነው ተብሎ ለእንግዳ ቀን ስምምነቱ ተነስቷል።

ከእንቅስቃሴው በኩል ከሥራ ስመለስ ከታክሲ ቀድሜ ወርጄ 3 ኪሎ ሜትር በእግሬ እሄዳለሁ። የኮሪደር ልማቱ በደረሰበት በኩል የእግረኛ መንገዱ ስለሰፋ ደስ ይላል፣ ባልደረሰበት በኩል ያው ድንጋይ እየዘለሉ ነው። መራመድ ዝም ብሎ ከመቀመጥ በላይ የሚያቃጥለው በግምት በኪሎ ክብደት፣ በኪሎ ሜትር ግማሽ ካሎሪ ነው። 83 ሲባዛ 3 ሲባዛ ግማሽ፣ 125 አካባቢ። መሮጥ እጥፍ ያህል ነው። ከዚህ በላይ የሚነግራችሁን ትሬድሚልና ሰዓት በጥርጣሬ እዩት፣ ብዙዎቹ ተቀምጣችሁም ብትሆኑ ታቃጥሉት የነበረውን ጭምር ነው የሚደምሩት። ሰዓቴ ኳስ ስጫወት 700 ካሎሪ አቃጠልክ ይለኛል። እሱን አምኖ ከጨዋታ በኋላ ሁለት ጠርሙስ ቢራ የሚጠጣና ጥብስ የሚያዝ ሰው፣ ባይጫወት ይሻለው ነበር። ቢራው ብቻ 280 ገደማ ነው።

160 እና 125፣ 285። ከነበረው 275 ጋር 560። ተዘጋ። ካስተካከልኩ በኋላ ሳምንታዊ አማካዩ እንደገና ወደ ግማሽ ኪሎ ተጠግቷል። 80 ላይ ስደርስ ደግሞ እንደገና ከደብተሩ አሰላለሁ። በየቀኑ ቁጥር መነካካት ግን ዋጋ የለውም፣ አንዴ ከቀየራችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተዉት።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጾም ለነፍስ ነው፣ ከዳይት ጋር ባልቀላቅለው ደስ ይለኛል። ግን ሰው በጾም ለምን እንደሚወፍር ግልጽ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፣ ከዚያ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ድንች በዘይት፣ ዳቦ በሻይ። ሥጋና ቅቤ ቀርተው ዘይትና ስኳር ገቡ ማለት ነው። ቆሎም ጤናማ ነው ተብሎ በሳህን ይበላል፣ 100 ግራሙ ግን 400 ካሎሪ ሊጠጋ ይችላል፣ ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ከሆነ ከዚያም ያልፋል። እኔ በጾም ቀን የምይዘው ምስር ነው። አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር፣ 200 ግራም ገደማ፣ 18 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ካሎሪው 230። ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ካለዚያ የሚቀንሰው ኪሎ ከጡንቻም ጭምር ይሆናል። በፍስክ ቀን 110 ግራም እሞክራለሁ፣ በጾም 70 ከደረስኩ አመሰግናለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት የማነሳውም ለዚሁ ነው እንጂ ካሎሪ ለማቃጠል አይደለም፣ የሚያቃጥለው ትንሽ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የትኛው ነው ካላችሁ እናቴ ናት። «ጠቆርክ፣ ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው የማትነግረኝ?» እሷ ቤት ስሄድ ካሎሪ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ታጎርሳለች፣ ሦስተኛውን ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሱን ቀን «እማዬ» ብዬ ብቻ ነው ደብተሩ ላይ የምጽፈው፣ 2,800 እሞላለታለሁ፣ ከሌላው ቀን አልቀንስም። በሳምንቱ አማካይ ውስጥ ይገባል፣ በቃ።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ስኳር ያለባችሁና መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሌሎቻችሁም ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ያለ ሐኪም ክትትል አትውረዱ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ቤት የሚሠራውን ዘይት በብርጭቆ ለካሁት። ውጪ በያይነቱ ስበላ ግን ምንም መላ አላገኘሁለትም፣ ለጊዜው 900 ብዬ ነው የምሞላው። እናንተ ስንት ትይዛላችሁ?