የእህቴን ክሊኒክ ከጉግል ያስጠፋሁት እኔ ነኝ

እህቴ የጥርስ ሐኪም ናት። ጅማ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ አላት፤ ድረ ገጹን የምይዘው እኔ ነኝ። ዶሜይን (የድረ ገጹን አድራሻ) መግዛት፣ ገጹን መሥራት፣ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መከታተያ ላይ ማስመዝገብ የሁለት ቀን ሥራ ነው። እሱን አላወራም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጂፕ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ አንድ "የኤስኢኦ ባለሙያ"፣ ማለትም ገጽን ጉግል ፍለጋ ላይ ከፍ አደርጋለሁ የሚል ሰው፣ በ15 ሺህ ብር ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እናንተ የሚያመጣ 500 ሊንክ አስገባልሃለሁ አለኝ። "ጉግል ላይ አንደኛ ትወጣላችሁ።" አንደኛ አስወጣለሁ የሚል ሰው እንዳታምኑ ጉግል ራሱ ጽፏል። አንብቤዋለሁም። ከፈልኩ።

ለሦስት ሳምንት ከፍ አልን። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰርች ኮንሶል ላይ "ማኑዋል አክሽን" የሚል መልእክት መጣ፤ የጉግል ሰዎች አይተው የሚጥሉት ቅጣት ነው። የክሊኒኩን ስም ሙሉውን ጽፈን እንኳ ገጻችን የለም።

ሊንኮቹን ስከፍት አፈርኩ። ቁማር፣ ብድር፣ የመኪና ጎማ። መሃላቸው "ጅማ ጥርስ ሐኪም" ተሰንቅሯል፤ ሁሉም ላይ ያው ሦስት ቃል። ጉግል ፔንግዊን የተባለውን የፍለጋ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ይህንኑ ለማደን ነው።

የጉግል መመሪያ መጀመሪያ የድረ ገጾቹን ባለቤቶች ጠይቃችሁ ሊንኮቹን አስነሱ ይላል። ለ60 ያህል ጻፍኩ። አራት መለሱ፤ ሁለቱ ለማንሳት ብር ጠየቁ። የሸጠልኝ ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። እህቴ "እኔ ጥርስ ነቅዬ ያመጣሁትን አንተ ሊንክ ስታስነቅል ጨረስከው" አለችኝ።

የቀረውን በዲሳቮው ፋይል ላኩ፤ ጉግልን "እነዚህን ሊንኮች አትቁጠርብኝ" የምንልበት ዝርዝር ነው። እዚህም ተሳሳትኩ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጣቱ እንዲነሳልን ያቀረብኩት ጥያቄ ውድቅ ሆነ። መልሱ ለሁሉም የሚላክ ጽሑፍ ነው፣ ከሁለት የምሳሌ ሊንክ ጋር። ቀበሌ ቢሆን ቢያንስ "ነገ ና" የሚል ሰው ይኖራል! ለካ ያው ሳይት በሌሎች ገጾቹም ጠቅሶናል፤ መጻፍ የነበረብኝ ሙሉ ዶሜይኑን ነው። እሱን ሳስተካክል ደግሞ ኪቦርዴ አማርኛ ላይ ቀርቶ "domain" ከሚለው ቃል ቀጥሎ በሚገባው የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) ቦታ የእኛው ፡ ገብቷል። ፋይሉ አልቀበል አለ። ስህተቱን ለማየት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ አለፈ። ደረጃችን ግን አልተመለሰም፤ ያወጣን የተገዛው ሊንክ ነበራ።

ስለዚህ ምክሬ ከመመሪያው ትንሽ ይለያል። ለልመናው አንድ ሳምንት ስጡት፣ የጻፋችሁበትን ማስረጃ ያዙ፣ የቀረውን በዶሜይን ቁረጡ። ገጹ አዲስ ከሆነና ማንም የማያውቀው ከሆነ ደግሞ ትታችሁ በንጹሕ ዶሜይን ጀምሩ። እኔ እልህ ያዘኝ። ሌላው ምክሬ ገጹ ላይ ስለሚወጣው የጤና ጽሑፍ ነው። ከየትም የገለበጥኩትን ሁሉ አጠፋሁ፤ አሁን የምትጽፈው እህቴ ናት፣ በስሟና ከነሙያዋ። ሠራተኞቻችሁን ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት አታስጽፉ።

ባለፈው ሳምንት ከአጋሮ አንዲት እናት መጡ። በምን አገኙን ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ ማፕ ላይ አይቶ" አሉ። ድረ ገጹን አልከፈቱትም።