የናፍጣ ቦይለር ዓመታዊ ሰርቪስ በጎንደር ከፍታ

የሆቴል ቦይለር ሰርቪስ ስሠራ መጀመሪያ የማነሣው ብሩሽ ሳይሆን የጭስ መለኪያ ነው። በርነሩን (ናፍጣውን የሚያነደውን ክፍል) 15 ደቂቃ አስነሥቼ ውኃው ሲሞቅ የጭሱን ሙቀት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና የናፍጣ ፓምፑን ግፊት እጽፋለሁ። ካጸዱት በኋላ ችግሩ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር አይቀርም። አንድ ጊዜ ጠርጌ ብቻ የተውኩት ቦይለር በወሩ መልሶ ጠቁሮ ጠብቆኛል፤ ጥቀርሻው ምልክት እንጂ በሽታው እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ መብራቱን ከዋናው ማብሪያ አጠፋለሁ፣ የናፍጣውን ቫልቭ እዘጋለሁ፣ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ባፍሎቹን (የጭሱን ፍጥነት የሚገቱትን ብረቶች) አውጥቼ የጭሱን መተላለፊያዎች በሽቦ ብሩሽ እጠርጋለሁ፤ ማስክ ግድ ነው። እንደ ከሰል ዱቄት የላላ ጥቀርሻ የአየር እጥረት ምልክት ነው። አንዱ ጎን ላይ ብቻ እርጥብና ጠንካራ ቅርፊት ካለ ግን ኖዝሉ (የናፍጣው መርጫ አፍ) ናፍጣውን አዛብቶ እየረጨ ነው። ቦይለሩ ክረምቱን ቆሞ የሚከርም ከሆነ ጽዳቱ ከሰኔ በፊት ይለቅ፤ ጥቀርሻው ውስጥ ያለው ሰልፈር እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላል።

ኖዝል አይጸዳም፣ ይቀየራል። በመርፌ የተጎረጎረ ቀዳዳ ዳግም ቀጥ ብሎ አይረጭም። አዲሱ ሲገዛ ሦስቱም ነገር ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል፦ መጠኑ፣ የመርጫ ማዕዘኑና የአረጫጨቱ ዓይነት። ላዩ ላይ 1.50 ጋሎን የሚል ኖዝል በ7 ባር በሰዓት 5.7 ሊትር ገደማ ያሳልፋል፤ ፓምፑ 10 ባር ላይ ካለ ግን 6.8 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ግፊቱን በጌጅ ሳይለኩ ኖዝል መቀየር ግምት ነው። የኤሌክትሮዶቹን (ብልጭታ የሚሰጡትን ዘንጎች) ክፍተት አብዛኛው በርነር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይፈልገዋል፤ የፋብሪካው መመሪያ የሚለውን እከተላለሁ። የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ናፍጣ በጠራ ጠርሙስ ቀድቼ አስቀምጠዋለሁ። ውኃ ካለ ከሥር ይለያል፤ ያኔ ታንከሩ ከሥሩ መፍሰስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። የበርነሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ በመመሪያው ቁጥር የተስተካከለ የአየር መክፈቻ እዚህ ያጨሳል። መለኪያው የሚያሳየው ድርሻን ስለሆነ ዒላማው ግን አይለወጥም፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12 በመቶ አካባቢ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) በታች፣ ጭሱ ተስቦ በሚያልፍበት ማጣሪያ ወረቀት ላይ የሚቀረው ነጥብ ነጭ ወይም እጅግ ፈዛዛ ግራጫ። የአየር መክፈቻው እስከ ጫፍ ተከፍቶም ነጥቡ ከጠቆረ ትንሽ ቁጥር ያለው ኖዝል እገጥማለሁ፤ የተወሰነ ጉልበት መቀነሱን መቀበል ነው። ከሁሉ በፊት ግን የክፍሉን መስኮት እዩ። ዝናብ እንዳይገባ በማዳበሪያ ተደፍኖ ከርሞ ማንም ያላነሣው ስንቱ ነው!

ሌላው የከፍታ ጣጣ ውኃው ነው፤ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣሪያ ላይ ታንከር ባለው ክፍት መስመር ቴርሞስታቱ 90 ላይ ከተተወ ለመፍላት ሦስት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል፤ እኔ ከ80 አላሳልፈውም።

በመጨረሻ ፎቶ ሴሉን (እሳቱ መኖሩን የሚያየውን ዳሳሽ) በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ፣ ከቦታው አውጥቼ፣ በእጄ ሸፍኜ አስነሣለሁ። ናፍጣ መርጨት ከጀመረ በ10 ሰከንድ ውስጥ ዘግቶ ቀይ መብራት ካላበራ ያ በርነር ሥራ ላይ አይውልም። በማግስቱ ተመልሼ የፊልትሮውንና የፓምፑን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት እነካለሁ፤ ቀጭን ፍሳሽ የሚታየው ሌሊቱን ሞቆ ከበረደ በኋላ ነው።