የጋንዲ የብር ሰዓት በጨረታ

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የብር የኪስ ሰዓት ለጨረታ ቀረበ። የዜኒት ፋብሪካ ሥራ ነው። 1910 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራ፣ ደወል ያለው። ብቻውንም አልነበረም፤ ክብ መነጽር፣ የቆዳ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ዝርግ ሳህን አብረውት ነበሩ። አጫራቹ አንቲኮረም ሁሉም ተጠቃልለው ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ያወጣሉ ብሎ ገምቶ ነበር። የተሸጡት ግን በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዕቃዎቹ የማህተመ ጋንዲ ነበሩ።

የድሮ የኪስ ሰዓት በጣም እወዳለሁ፣ ጨረታ ላይ የሚወጡትንም እከታተላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ደጋግሜ የማስበው ይህን ሰዓት ነው። ምክንያቱን ከመንገሬ በፊት ስለ ብር ሰዓት ትንሽ ላውራ፣ ዋጋው ከየት እንደሚመጣ እንድታዩት።

የብር የኪስ ሰዓት ካገኛችሁ መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን ክፈቱና ውስጡን እዩ። እንግሊዝ የተሠራ ከሆነ የሚራመድ አንበሳ ተመትቶበታል፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹህ ብር ነው ማለት ነው። አጠገቡ የከተማው ምልክት አለ። መልህቅ ከሆነ በርሚንግሃም፣ የነብር ራስ ከሆነ ለንደን። አንዲት ፊደል ደግሞ ዓመቱን ትነግራችኋለች። የስዊዝ ሰዓት ላይ ድብ ካያችሁ 875 ነው፣ ወፍ ካያችሁ 800። አያቶቻችን የተገበያዩበት ማርትሬዛ 833 ነው፣ በመሃላቸው ማለት ነው። ቀጥሎ ገጹ ይታያል። ነጩ ኢናሜል (የመስታወት ቅቡ) ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካለበት ዋጋው ይወርዳል። ክዳኑ ለዓመታት ሲወለወል ኖሮ ቅርጹ ካለቀም እንደዚያው፣ ስለዚህ እባካችሁ ያረጀ ብር ፈትጋችሁ አታብሩ። ሻጩ «ይሠራል» ካላችሁ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ፈትቶ አጽድቶ ዘይት አድርጎለት ነው ወይስ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሲመታ ሰምቶ ብቻ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን የአንድ ኪስ ሰዓት ብር ቢቀልጥ ጥቂት አስር ግራም ነው። ዜኒት ጥሩ ፋብሪካ ነው፣ ጆርጅ ፋቭር ዣኮ በ1865 «ለ ሎክል» በምትባል የስዊዝ ከተማ የመሠረተው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራ። የዚያን ዘመን የብር ዜኒት ግን ብርቅ አይደለም፤ ተራ ደሞዝተኛም ቆጥቦ ሊገዛው ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ የተከፈለው «ይህ የእሳቸው ነበር» ለሚለው ቃልና ቃሉን ለሚያስረዳው ማስረጃ ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ ጋንዲ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማችሁት ከማዋለጃ ሆስፒታሉ ይሆናል። ሰውየው ንብረት የማይሰበስቡ ሰው ነበሩ። ሰዓት ግን አልተለያቸውም፤ ልብሳቸው ላይ አንጠልጥለውት ይውሉ ነበር። ቀጠሮ ማርፈድ አይወዱም ነበር። አሽራማቸው (ከተከታዮቻቸው ጋር የሚኖሩበት ግቢ) ውስጥ ሰው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ተነስቶ ይጸልያል፣ ማታ ደግሞ እንደገና ጸሎት አለ። ደወል ያለው ሰዓት ለእንዲህ ያለ ኑሮ የተመቸ ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ዴልሂ ውስጥ ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሰርዳር ፓቴል ጋር ሲነጋገሩ ጊዜው ሄደባቸው። የ11 ሰዓቱ ጸሎት አለፈ። ማርፈድ የማይወዱት ሰው በአንድ በኩል አብሃን፣ በሌላ በኩል ማኑን፣ የሁለቱን ወጣት ዘመዶቻቸውን ትከሻ ተደግፈው በሣሩ ላይ እየተጣደፉ ሄዱ። 11 ሰዓት ከ17 ላይ ተተኮሰባቸው። 78 ዓመታቸው ነበር። ኒው ዮርክ ለጨረታ የቀረበው ሰዓት ጋንዲ ለዚያችው ለአብሃ የሰጧት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰዓቱን እንደ ማንኛውም ዜኒት ማየት አልቻልኩም።

ወደ ጨረታው ልመለስ። ሻጩ ጄምስ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ ነው። ዜናው ሲሰማ ሕንድ ውስጥ ቁጣ ተነሳ፣ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሽያጩ እንዲታገድ አዘዘ። የዴልሂ ትእዛዝ ግን ኒው ዮርክ ላይ አይሠራም። ኦቲስ በበኩሉ የሕንድ መንግሥት ለድሆች የሚያወጣውን ገንዘብ ከፍ ካደረገ፣ ወይም ዕቃዎቹ በ78 አገሮች እየተዘዋወሩ የሚታዩበትን ወጪ ከቻለ በነጻ እሰጣለሁ አለ። መንግሥት አልተቀበለም። አንድ ግለሰብ የአገር በጀት በሰዓት ሊያስቀይር አይችልም ማለታቸው ነው፣ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። በመጨረሻው ሰዓት ኦቲስ ራሱ ዕቃዎቹን ከጨረታው አውጡልኝ ቢልም ሽያጩ ቀጠለ። ዋጋው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማይ ነካ። ያሸነፈው በወኪሉ በኩል የተጫረተው የቢራና የአየር መንገድ ባለሀብቱ ቪጄይ ማልያ ነው።

ያን ቀን ሕንድ ውስጥ ብዙ ሰው ተደስቷል፣ ዕቃው ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ብሎ። እኔ ግን ያኔም ዛሬም ደስታው ሙሉ አይሆንልኝም። ከአንድ ባለሀብት ኪስ ወጥቶ የተገዛ ነገር ዕጣው ከዚያ ባለሀብት ዕጣ ጋር ነው የሚታሰረው። ማልያ በ2016 ከባንክ ብድር ጋር በተያያዘ ጉዳይ እየተፈለገ ከሕንድ ወጥቶ እንግሊዝ ገባ። የአንድ ሕዝብ መታሰቢያ እንዲህ ባለ ነገር ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ያው የሕንድ መንግሥት ከሦስት ዓመት በኋላ አሳይቷል። በ2012 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች የሄርማን ካለንባህን ሰነዶች ለንደን ላይ ሊያጫርት ነበር። ካለንባህ የደቡብ አፍሪካ አርክቴክት፣ የጋንዲ የልብ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው፤ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች፣ ብዙ ነገር አለበት። ሕንዶች የጨረታውን ቀን አልጠበቁም። ቀድመው ተነጋግረው ወደ 700 ሺህ ፓውንድ ከፍለው ሁሉንም ወሰዱ። ፍርድ ቤት የለ፣ የቴሌቪዥን ጩኸት የለ። ሰነዱ የሕዝብ ሆነ። ለእኔ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ የአጫራቹ መዶሻ ተመትቶ ዕቃው ከመሸጡ በፊት መድረስ።

በነገራችን ላይ የጋንዲ ስም ያለበት ሁሉ ሚሊዮን አያወጣም። በ2020 ብሪስቶል ውስጥ በአንድ ዓመት ሁለት ዕቃዎቻቸው ተሸጡ። መነጽራቸው 260 ሺህ ፓውንድ ወጣለት። በ1944 ለአንድ ሰው የሰጡት ብር ቅብ የኪስ ሰዓት ግን፣ የተጎዳ ነበርና፣ 12 ሺህ ፓውንድ ብቻ። የተጫራች ቁጥርና የዕለቱ ስሜት ዋጋውን እንዲህ ያንገላቱታል። 12 ሺህ ፓውንድ አንድ ሙዚየም አሰባስቦ ሊከፍለው የሚችል ገንዘብ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የእኛም ጉዳይ ስለሆነ ነው። በ2017 መጨረሻ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ጄኔቫ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የእጅ ሰዓት ሊያጫርት ነበር። የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነው፣ ቀን፣ ወርና የጨረቃን ዑደት የሚያሳይ፣ በ1950ዎቹ ለንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ። በባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ስለተነሳ ከጨረታው ወጣ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከመቅደላ በ1868 የተዘረፈ ጋሻ እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ተዘጋጀ። ኢትዮጵያ ጠየቀች፣ ሽያጩ ቆመ፣ ንግግሩ ቀጠለ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋሻው አዲስ አበባ ገባ። ከመዶሻው በፊት ስለተደረሰበት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ቤታቸው የአያት የኪስ ሰዓት ላላቸው ነው። ከማን እንደተገኘ፣ ማን ለማን እንደሰጠው አሁን፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ጻፉት። አያታችሁ ሰዓቱን በሰንሰለት ይዘው የተነሱት ፎቶ ካለ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት። የጋንዲን ዜኒት ከሌላው ዜኒት የለየው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው፤ ቅርስ ሲሰረቅም «የእኛ ነው» ለማለት የሚረዳው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ውጭ አገር ላላችሁ ነው፣ በተለይ ለለንደን፣ ለጄኔቫና ለኒው ዮርክ ልጆች። የጨረታ ካታሎግ ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ሳምንታት በፊት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይወጣል። በወር አንዴ ግቡና ኢትዮጵያ፣ አቢሲኒያ፣ መቅደላ፣ ኃይለ ሥላሴ እያላችሁ ፈልጉ። የእኛ የሚመስል ነገር ካያችሁ ፎቶውን፣ በካታሎጉ ላይ ለዕቃው የተሰጠውን ቁጥርና የሽያጩን ቀን ይዛችሁ ለቅርስ ባለሥልጣንና ለኤምባሲው በዚያው ቀን ላኩ።