አንድ ሻንዳይ፣ ሦስት ልብስ

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። ሴፕቴምበር 30 ልጆች «ሻንዳይ ኦራንዥ» ለብሰው ይምጡ ትላለች። ኦራንዥ ብርቱካናማ መሆኑን አውቃለሁ። ሻንዳይን መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት፣ ሹራብ ይላል። በቃ፣ ከሥራ ወጥቼ ሞንትሪያልን ብርቱካናማ ሹራብ ፍለጋ አካለልኳት። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንገት ድረስ የሚዘጋ የሱፍ ሹራብ አገኘሁ። ታድግበታለች ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ ገዛሁላት።

ቀኑ ደግሞ የሚያቃጥል ፀሐይ ወጣ። ማታ ልጄ ፊቷ ቀልቶ፣ አንገቷን እያከከች መጣች። «እማዬ፣ ሁሉም ካናቴራ ነው የለበሱት!»

ለካ እኛ በምንኖርባት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ግዛት፣ ኬቤክ ውስጥ ሻንዳይ ማለት ከወገብ በላይ የሚለበስ ማንኛውም ነገር ነው ማለት ይቻላል። ሹራቡም፣ ካናቴራውም፣ የስፖርት ማሊያውም ሻንዳይ ነው። በነገራችን ላይ ቃሉ የመጣው «ማርሻን ዳይ» ከሚለው ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ማለት ነው። ድሮ የፓሪስ ገበያ ነጋዴዎች ይለብሱት ስለነበር ነው አሉ። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ትንሽ በረደልኝ።

ግን ለምን ብርቱካናማ? አፍሬ መምህሯን አልጠየቅኩም። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የልጆች ክፍል ውስጥ «የብርቱካናማው ሻንዳይ ታሪክ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ ሰጡን። የፊሊስ ዌብስታድ የራሷ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ሴት አያቷ ለትምህርት ቤት ብርቱካናማ ልብስ ገዙላት። አዳሪ ትምህርት ቤቱ በገባች በመጀመሪያው ቀን አስወለቋት። ያን ልብስ ዳግመኛ አላየችውም። ሴፕቴምበር 30 ብርቱካናማ የሚለበሰው ለዚህ መታሰቢያ ነው።

እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጅና ከቋንቋቸው ነጥሎ ለማሳደግ የተቋቋሙ ነበሩ። ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች አልፈውባቸዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፣ እኔ ከተወለድኩ በኋላ ማለት ነው። ለዜግነት ፈተና ሳጠና አንብቤው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ቁጥር ሆኖብኝ አልፌዋለሁ። ልጄ ግን የልብሷ ነገር ነው የያዛት። «ለምንድን ነው ያልመለሱላት?» አለችኝ። ገጹን ገለጥኩ፣ እንደገና ወደ ኋላ መለስኩት። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የካናዳን ታሪክ የምማረው ከልጆች መጻሕፍት ነው። ሌላ ምርጫም የለኝ። ፈረንሳይኛ የጀመርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ለአዲስ መጪዎች በሚሰጠው የማታ ክፍል ነው። ለአዋቂ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ይጥለኛል።

የልጆቹም ቢሆን ወጥመድ አለው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሰው የሚናገርበትን ያለፈ ጊዜ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ መንገድ ላይ ማንም የማይናገረውን «ፓሴ ሳምፕል» ይጠቀማል። «ነበረ» ለማለት ኤፍ፣ ዩ፣ ቲ ብሎ ይጽፋል። እኔ እንዳየሁት «ፉት» እያልኩ ሳነብ ልጄ በሳቅ ፈረሰች፤ ቲዋ አትነበብም። በእኔ ንባብ በ1608 ኬቤክ ከተማን የመሠረተው ሻምፕላን በየገጹ ፉት፣ ፉት ሲል ቡናውን የሚጠጣ ነበር የሚመስለው።

ሁሉም መጽሐፍ ግን ጥሩ አይደለም። ዓመተ ምሕረት ደርድሮ፣ ዳር ላይ ፈገግ ያለ ቢቨር የሚስል አለ። ስለ ፈረንሳዊው አሳሽ ስለ ዣክ ካርትዬ ያነበብነው አንዱ በተለይ አናዶኛል። በ1535 ብርድ ሰዎቹ በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ሲረግፉ፣ ስታዳኮኔ የሚባል መንደር ነባር ነዋሪዎች ከዛፍ ቅርፊትና ቅጠል የሚፈላ «አኔዳ» የሚባል መድኃኒት አሳዩት። 25 ያህል ሰው ሞቶበት የቀረው ዳነ። ለዚህ ሁለት ሙሉ ገጽ ባለ ቀለም ሥዕል ሰጥተውታል። በሚቀጥለው የጸደይ ወቅት ካርትዬ አለቃቸውን ዶናኮናን አፍኖ ፈረንሳይ መውሰዱ፣ ሰውዬውም እዚያው መሞቱ ግን ከታች አንዲት መስመር ናት። እኔ ቆም ብዬ ሁለቴ አነበብኳት።

«የንጉሡ ሴት ልጆች» ስለሚባሉት ያነበብነው ግን ግሩም ነው። ከ1663 እስከ 1673 ወደ 800 የሚሆኑ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ድሆች፣ በንጉሡ ወጪ ከፈረንሳይ ለትዳር ወደዚህ ተልከዋል። መጽሐፉ ለአንዷ የሚሰጣትን ሳጥን ከፍቶ ያሳያል፦ 100 መርፌ፣ 1,000 ስፒል፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ መቀስ፣ ሁለት ቢላ፣ አንድ ጥንድ ጓንት። ለዚህ ብርድ አንድ ጥንድ ጓንት! እኔ እንኳን በሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው የመጣሁት፣ ግማሹ በርበሬና ሽሮ ቢሆንም።

ቤታችን በብዛት የሚነበበው ግን የሮክ ካርዬ «የሆኪው ሻንዳይ» ነው። በአንድ ወቅት የአምስት ዶላር ኖት ላይ ሳይቀር ከታሪኩ የተቀነጨበ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። ዘመኑ 1946 ነው። የሰንት ዡስቲን መንደር ልጆች ሁሉ የሞንትሪያሉን የበረዶ ሆኪ ኮከብ የሞሪስ ሪሻርን 9 ቁጥር ይለብሳሉ። የአንዱ ልጅ ማሊያ ያልቅና እናቱ ኢተን ከሚባለው ትልቅ ሱቅ ካታሎግ አዲስ ታዛለች። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አትወደውም፤ በእጇ ደብዳቤ ትጽፋለች። የሚመጣው የባላንጣው የቶሮንቶ ቡድን ማሊያ ነው! እንመልሰው ሲላት ሚስተር ኢተን ይቀየማል ትላለች። ሜዳው ላይ ፊሽካ የሚነፋው ቄስ ነው። ልጁ ተናዶ ዱላውን ሲሰብር ይቅርታ ጠይቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይልከዋል። እሱ ግን እግዚአብሔር ብል ልኮ ማሊያውን እንዲያስበላለት ይጸልያል።

ስብከት የለም፣ ማብራሪያ የለም። ፎርሙ፣ ካታሎጉና ቄሱ የዚያን ዘመን ኬቤክ ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። እኔን የምትገባኝ እናትየዋ ናት። በማያውቁት ቋንቋ ፎርም ፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ማታ ማታ በአማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። ይሄኛው ላይ «ማሊያ» እላለሁ፣ የፊሊስ ላይ «ካናቴራ»። ልጄ ትቆጣለች። «አንድ ቃል እኮ ነው፣ ለምን ትቀይሪዋለሽ?»

የሱፉ ሹራብ አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ዘንድሮ ልክክ ብሎላታል። ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠና አውጥቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ጥርሷን ልታጸዳ ሄዳለች ብዬ ሳልፍ፣ ሹራቡ ፊት ተንበርክካ እጆቿን አጣምራለች። አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ እያየችኝ፣ ጮክ ብላ ብል ትለምናለች።