ላባዋን ከመስኮቱ ያስወጣሁበት መንገድ

ለአክስቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁላት። መስኮቱን የሚሠራው ቲኪንተር የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ነው። ደስ ብሎኝ ከፍቼ ሳሳያት ዓይኗ ያረፈው ጥጉ ላይ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ላባ የዶሮ ናት እንዴ?»

ቲኪንተር የራስህን አይከን (ትንሿን የምልክት ሥዕል) ካልሰጠኸው ላባ ይለጥፋል። አክስቴ የምትሸጠው ደግሞ በርበሬ ነው።

አንድ ዛላ በርበሬ ሣልኩና በፒኤንጂ የሥዕል ፋይል አስቀመጥኩት። ከዚያ የፋይሉን ቅጥያ ዊንዶውስ ለአይከን ወደሚጠቀምበት ወደ አይሲኦ ቀየርኩ። ስንፍና ነው፤ አልሠራም። አይሲኦ አንድን ሥዕል በተለያየ መጠን አጭቆ የሚይዝ ፋይል ነው፤ ስም ስለተቀየረ አይወለድም። ጂምፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም 16፣ 32፣ 48 እና 256 ፒክስል አድርጌ እንደገና አወጣሁት። በ16 ፒክስል በርበሬዬ የደም ጠብታ መሰለ። ጥላውን አጠፋሁ፣ አረንጓዴ ጫፉን አወፈርኩ።

አይኮንቢትማፕ በሚባለው የቲኪንተር ትዕዛዝ ሳስገባው የመስኮቱ ጥግ ተስተካከለ። የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚደረደሩበት ታስክባር ላይ ግን አሁንም የፓይተን ምልክት! አንድ ምሽት የበላኝ ይሄ ነው። ለካ ዊንዶውስ ታስክባር ላይ መስኮቶችን የሚያቧድነው በፕሮግራሙ መታወቂያ ነው። የኔ ፕሮግራም በፓይተን ስር ስለሚሮጥ ፓይተን ተብሎ ተቆጠረ። መፍትሔው መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት በሲታይፕስ (ፓይተን የዊንዶውስን ትዕዛዞች በሚጠራበት ክፍል) በኩል የራስን መታወቂያ መስጠት ነው። የትዕዛዙ ስም ሰት ከረንት ፕሮሰስ ኤክስፕሊሲት አፕ ዩዘር ሞዴል አይዲ ይባላል። ተነቦ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል።

የኔ ላፕቶፕ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። እዚያ አይሲኦውን ስሰጠው ኤረር አወጣ። አይኮንፎቶ በሚባለው ሌላ ትዕዛዝ ፒኤንጂውን ስሰጠው ተቀበለ። ለዚህ ትዕዛዝ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዋጋ ትሩ (እውነት) ካደረግከው፣ በኋላ የሚከፈቱት መስኮቶችም ያንኑ አይከን ይይዛሉ።

በመጨረሻ ዊንዶውስ ላይ ፓይኢንስቶለር በሚባለው ማሸጊያ ፕሮግራሙን አንድ ፋይል አድርጌ ሱቅ ወሰድኩት። ጭራሽ አልከፈት አለ። የፓይኢንስቶለር የአይከን አማራጭ የሚቀይረው ተጭኖ የሚከፈተውን የኢኤክስኢ ፋይል መልክ ብቻ ነው፤ መስኮቱ የሚያነበው ሥዕል ለብቻው መታሸግ አለበት። ደግሞ አንድ ፋይል የሆነ ፕሮግራም ሲነሳ ዕቃውን የሚዘረግፈው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የጻፍኩት የፋይሉን ስም ብቻ ነበር። ያንን ፎልደር ፈልጎ እንዲያነብ አስተካክዬ በማግስቱ ተመለስኩ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጥጉን አየችው።

«በርበሬው አልተቀነጠሰም እኮ» አለችኝ።