ቫለሪ አዳምስ

ሰሞኑን ማታ ማታ የቫለሪ አዳምስን ቪዲዮ ነው የማየው፣ የኒውዚላንዷ አሎሎ ወርዋሪ። እኛ አገር አትሌት ከተባለ ሩጫ ነው በቃ፣ ደሴ ውስጥ ስለሷ አብሮኝ የሚያወራ ሰው አጥቻለሁ፣ እኔ ግን ተማሪ እያለሁ አሎሎ እወረውር ስለነበር የሷ ነገር ሆዴን ያባባዋል።

ቁመቷ 1.93 ሜትር ነው። ይቺን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። እኔ ገና በልጅነቴ ቁመቴ ሲመዘዝ ቡና ሊጠጡ የሚመጡት ጎረቤቶች "ኧረ ይቺ ልጅ የጦሳን ተራራ ልትደርስበት ነው፣ ማን ሊያገባት ነው" ይሉ ነበር፣ አያቴ ብቻ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አትርፎ ሰጥቶሽ ነው" ትለኛለች። የስፖርት መምህራችን ሜዳው ላይ ቆመን የምንወረውርበትን ክብ በኖራ ያሰምርልን ነበር፣ ብረቷን አንገቴ ስር ሳስጠጋት ቅዝቃዜዋ እስካሁን ትዝ ይለኛል፣ የደሴ ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የሴቶቹ አሎሎ 4 ኪሎ ነው፣ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 2.135 ሜትር። ሰው ጉልበቱ ከእጅ የሚመጣ ይመስለዋል እንጂ የሚነሳው ከእግር ነው፣ ከእግር ወደ ወገብ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ እጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

ቫለሪ እናቷ ቶንጋዊት ናት፣ ገና በአስራዎቹ እድሜ እያለች ነው የሞተችባት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ ላይ የአለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ከዛ በርሊን፣ ዴጉ፣ ሞስኮ፣ አራቱንም በተከታታይ። በ2008 ቤጂንግ ላይ 20.56 ሜትር ወርውራ የኦሎምፒክ ወርቅ።

የሚያናድደኝ ለንደን 2012 ነው። የቤላሩሷ ኦስታፕቹክ አሸነፈች ተብሎ ቫለሪ ብር አጥልቃ ወረደች፣ ከሳምንት በኋላ ሴትየዋ ዶፒንግ ተገኘባትና ወርቁ ለቫለሪ ሆነ። ግን ኦክላንድ ላይ ነው የሰጧት፣ ከወር በላይ ቆይቶ። ህዝቧ መሃል መሆኑ ጥሩ ነው፣ ቢሆንም ያ ሁሉ ሰው በሞላበት ስታዲየም መዝሙሯ ሲዘመርላት የመቆም ደስታ ተሰርቋል፣ ይሄን ማንም አይመልስላትም።

ከዛ ትከሻና ክርኗን ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ሪዮ 2016 ላይ እየመራች ቆይታ አሜሪካዊቷ ሚሼል ካርተር በመጨረሻ ሙከራዋ 20.63 ወርውራ ቀደመቻት። ብር። እኔ ብሆን እዛው ባቆምኩ፣ እሷ ግን ሁለት ልጅ ወልዳ ተመለሰች፣ በ36 አመቷ ቶኪዮ ላይ 19.62 ወርውራ ነሐስ አገኘች። ለኔ ከወርቆቹ ሁሉ ይቺ ነሐስ ትበልጣለች፣ ወርቁን ጎበዝ ሆና ወሰደችው፣ ነሐሷን ግን ያገኘችው የወለደ ሰውነት እንደገና ከዜሮ አሰልጥና ነው። የወለደች ሴት ታውቀዋለች። እዛው ቶኪዮ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ) ላይ ደግሞ እሷ ታሰለጥናት የነበረችው እህቷ ሊሳ በአሎሎ ወርቅ ወሰደች፣ ማሻአላህ ነው የሚባለው! ቫለሪ በ2022 ማርች ላይ መወርወር አቆመች።

ኮምቦልቻ ያለችው የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ውድድር አሎሎ ልመዝገብ ብትል "ሩጫ ይሻልሻል" አሏት አሉ። ልጅቷ ትከሻዋን ብታዩት! ነገ ራሴ ወርጄ አነጋግራቸዋለሁ።