የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዎችን ስንመዝን

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች የኮሌጅ ድጋፍ በሚሰጥ አነስተኛ የማኅበረሰብ ፈንድ ውስጥ በበጎ ፈቃደኛ ገምጋሚነት አገለግላለሁ። ማመልከቻዎቹ የአመልካቹ ስም ተሰውሮ ይደርሱናል፤ እያንዳንዳችንም ሌላው የሰጠውን ነጥብ ሳናይ ለየብቻችን ካረምን በኋላ፣ ልዩነታችን በሰፋባቸው ላይ ተሰብስበን እንነጋገራለን።

አብዝተን የምንከራከረው «ከትምህርት ውጭ ያሉ ተሳትፎዎች» በሚለው ክፍል ነው። አንድ አመልካች ቦታውን ባዶ ትቶት ነበር፤ በድርሰቱ መካከል ግን እናቱ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ፣ እራት እንደሚያበላ፣ ከሐኪም ቤትና ከኢንሹራንስ የሚመጡ ደብዳቤዎችንም እንደሚተረጉምላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ አልፏል። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የክበብ ሊቀ መንበርነት የማያንስ ኃላፊነት ነው፤ ልጁ ግን ግዴታው እንጂ የሚጻፍ ነገር አልመሰለውም። ስለዚህ ቅጹ የቤት ውስጥ ኃላፊነትን በግልጽ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ተቀባይነትም አገኘ።

ከምርጫው በኋላ ያለውም ያሳስበኛል። አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው ከውጭ ድጋፍ ማግኘቱን ሲያውቁ ከራሳቸው እርዳታ ስለሚቀንሱ፣ የሰጠነው ገንዘብ ለተማሪው ሳይሆን ለተቋሙ ማቃለያ ይሆናል። ይህን አሠራር በመንግሥት ኮሌጆች ላይ በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሜሪላንድ ናት፤ ጊዜውም በ2017 እ.ኤ.አ. ነበር። ወደ ግል ኮሌጅ የሚገቡት ግን በዚህ ሕግ ስለማይሸፈኑ፣ ቼኩ ከመላኩ በፊት የኮሌጃቸውን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ እንዲጠይቁ በደብዳቤያችን እናሳስባቸዋለን።